ኮምፒውተሩ «ሞቀኝ» ሲል እውነቱን ነው?



እዚህ ካኩማ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ይዞ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ሳይገጥመው የማይቀር ነገር አለ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ድርግም ይላል። የተጻፈው አልተቀመጠም፣ ማንም አጥፋው አላለም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል። መልሰው ሲያበሩት አምስት ደቂቃ ይሠራና እንደገና ድርግም። ወይም ደግሞ ገና ሲነሣ ጥቁር ገጽ ላይ በነጭ ፊደል «ሲፒዩ ፋን ኤረር» ብሎ ይጽፍና ኤፍ 1 ካልተጫናችሁልኝ ወይ ፍንክች ይላል።

ያን ጊዜ በሰፈራችን የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ከሁለት አያልፍም። አንደኛው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ አለቀለት» የሚል ነው። በአንደኛው ሽልንግ ይወጣል፣ የልጆች ጽሑፍና ፎቶም አብሮ ይጠፋል። በሁለተኛው ዕቃው በቁርጥራጭ ዋጋ ይሸጣል። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱንም ከመቀበል በፊት መጣራት ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ማሽኑ እውነት ሞቆታል ወይስ ሳይሞቀው የሞቀው መስሎታል? ይህን ለማጣራት ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም። እጅ፣ ሰዓትና ደብተር ይበቃል።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃችኋል የሚል ቢኖር፣ የአንድ ሰው ዕቃ የሚመስለው ኮምፒውተር እዚህ የስንት ሰው ጉዳይ እንደሚያዝበት ያስታውስ። የስኮላርሺፕ ፎርም የሚሞላበት፣ ለዘመድ ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ልጆች ታይፕ የሚለማመዱበት፣ አንዳንዱም ቤት ከራሽን ሌላ ትንሽ ሳንቲም የሚገኝበት እሱ ነው።

ሙቀቱን የሚለካው ማን ነው?

የኮምፒውተሩ አእምሮ የሚባለው ሲፒዩ ኤሌክትሪክ በልቶ ሙቀት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ፕሬስኮት የሚባለው የፔንቲየም 4 ዓይነት ጠንክሮ ሲሠራ ወደ 100 ዋት ይጠጋል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፑል ሲበራ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ልዩነቱ ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይበልጥ ቦታ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከላዩ ሂትሲንክ የሚባል ባለ ብዙ ክንፍ የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ ይጫንበታል። በሁለቱ መካከል ሙቀት የሚያሻግር ስስ ቅባት አለ። ከማቀዝቀዣው ላይ ደግሞ ፋኑ ይነፋል።

የሙቀት መለኪያዎቹ፣ ማለትም ሴንሰሮቹ፣ በሁለት ቦታ ነው ያሉት። አንዱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሲሞቅ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ይቀንሳል፣ ቦርዱም ከዚያ ተነሥቶ ዲግሪውን ያሰላል። ሌላው በሲፒዩው ሆድ ውስጥ ያለ ነው። ሦስተኛ ምስክር ደግሞ አለ፤ ከፋኑ የሚመጣ አንድ ቀጭን ሽቦ። ፋኑ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር በዚህ ሽቦ ሁለት ምት ይልካል፤ ቦርዱ ምቱን እየቆጠረ ፋኑ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ያውቃል። ኮምፒውተሩ ስለ ሙቀቱ የሚያውቀው ከእነዚህ ከሦስቱ የሰማውን ብቻ ነው። አንዱ ከዋሸው እሱም እኛን ይዋሻል።

ሁሉም ማሽን ለሙቀት የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 አካባቢ የወጡት የኤኤምዲ አትሎኖች ውስጣቸው መለኪያ አልነበረም፤ ቦርዱ ከሥራቸው ባለው ዕቃ ነበር የሚገምተው። ማቀዝቀዣው ድንገት ከወለቀ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠሉ ነበር። ፔንቲየም 4 ግን ሲሞቀው መጀመሪያ ራሱን ያዘገያል፤ ያ ካልበቃው ያጠፋል። ከእሱ በኋላ የመጡትም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ደህና የነበረ ማሽን ከቀትር በኋላ ኤሊ ከሆነ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት ሙቀትን ጠርጥሩ።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ

በክፍላችን ካሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱ እንዲህ መጥፋት ሲጀምር ለልጆቹ የሰጠኋቸው ሥራ መጻፍ ብቻ ነበር። ስንት ሰዓት በራ? ስንት ሰዓት ጠፋ? ከዚያስ ምን ያህል አረፈ? በሁለት ቀን ውስጥ ደብተሩ ነገሩን ተናገረ። ጠዋት ሲበራ 40 ደቂቃ ይሠራል። ወዲያው መልሰው ሲያበሩት 6 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 4 ደቂቃ። አንድ ሰዓት ሲያርፍ ግን እንደገና ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ይህ የሙቀት ጠባይ ነው። የሚያርፍበት ጊዜ በረዘመ መጠን የሚሠራበትም ይረዝማል።

የመብራት ችግር እንዲህ ሥርዓት የለውም። ሲፈልግ በሁለት ደቂቃ፣ ሲፈልግ በሦስት ሰዓት ነው የሚያጠፋው። ብዙ ጊዜም የጎረቤት ፍሪጅ ሲነሣ ወይም ጀነሬተሩ ሲንተፋተፍ ይሆናል። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ እስከ 2006 ወይም 2007 ገደማ በተሠሩ ብዙ ቦርዶች ላይ ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች ጥራት ጎድሏቸው ያብጡ ነበር። ሲከፍቱት ጫፋቸው ሜዳ መሆን ሲገባው እንደ እንጀራ ዓይን አብጦ ወይም ቡኒ ነገር አንጠፍጥፎ ከታየ በሽታው እሱ ነው፤ በፋን አታሳብቡ።

ጠዋት ባዮስን ጠይቁት

ቀጥሎ የመለኪያውን እውነተኛነት መፈተን ነው። ለዚህ ከቀዝቃዛ ማሽን የተሻለ ነገር የለም። ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ኮምፒውተር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከክፍሉ አየር ጋር እኩል ነው። እንዳበራችሁት ዲሊት ወይም ኤፍ 2 ቁልፍን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ በኤችፒ ማሽኖች ኤፍ 10 ነው። ሰማያዊ ወይም ግራጫ ገጽ ይከፈታል። ባዮስ የሚባለው ይህ ነው። «ሃርድዌር ሞኒተር» ወይም «ፒሲ ሄልዝ» የሚለውን ፈልጉ። ዲግሪውና የፋኑ ዙር እዚያ ተጽፏል። ኢንተርኔትም ፕሮግራምም አያስፈልግም።

ክፍሉ 26 ዲግሪ ቢሆን የቦርዱ መለኪያ ገና ሲነሣ ከዚያ ብዙም መራቅ የለበትም። ሲፒዩው ግን ባዮስ ውስጥም ሥራ ስለማይፈታ ቶሎ ወደ 40 እና ከዚያ በላይ ቢወጣ አያስደንግጥም። ሁለት ነገር ካያችሁ ግን ተጠራጠሩ። አንደኛ፣ ቁጥሩ ከክፍሉ ሙቀት በታች ከሆነ ውሸት ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ዕቃ ከአየሩ በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ሁለተኛ፣ ሌሊቱን ያደረ ማሽን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች 90 ካለ ወይ መለኪያው ተበላሽቷል ወይ ማቀዝቀዣው ሲፒዩውን አልነካውም። እነዚህን ሁለቱን እንዴት እንደምትለዩ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

እንደ ስፒድፋን ያለ ፕሮግራም የጫናችሁ ደግሞ አንዳንዴ 127 ዲግሪ ወይም ከዜሮ በታች 128 የሚል ታያላችሁ። አትደንግጡ፤ በዚያ መስመር ላይ ምንም መለኪያ አልተገጠመም ማለት ነው። 127 ዲግሪ የደረሰ ኮምፒውተር ቁጥር ሊያሳያችሁ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጡት የኮር 2 ዱዎ ሲፒዩዎችም አንዳንዶቹ መለኪያቸው ከተወሰነ ቁጥር በታች አልወርድ ብሎ የሚቆም ነበር። ሲሞቅ ከፍ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም። መለኪያው የተሠራው ለላይኛው አደጋ ነውና።

እጅ የሚናገረው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ማሽኑ ባዮስ ላይ ከፍተኛ ቁጥር ሲያሳይ አጥፉት፤ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከነቀላችሁ በኋላ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አውጡ። የካሲንጉን ብረት ንኩ፤ በእጃችሁ ያለ ኤሌክትሪክ ቦርዱን እንዳይጎዳ ነው። ከዚያ ጎኑን ከፍታችሁ የአልሙኒየሙን ማቀዝቀዣ ከሥሩ፣ ወደ ሲፒዩው ጠጋ ብላችሁ በጣት ንኩት። መጀመሪያ ቀረብ አድርጋችሁ ትኩሳቱን ሞክሩ፤ ሊያቃጥል ይችላል።

ማቀዝቀዣው ትኩስ ከሆነ መለኪያው እውነቱን ነው። ሙቀቱ ከሲፒዩው ወጥቷል፣ ግን ወደ አየር መሄጃ አጥቷል። ፋኑ ደክሟል፣ ወይም ክንፎቹ መካከል አቧራ ተጋግሯል። እዚህ የብዙው ማሽን በሽታ ይሄ ነው።

ቁጥሩ 90 እያለ ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ ከሆነስ? አብዛኛው ሰው «እንግዲያው ሴንሰሩ ነው» ይላል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር አስባለሁ። ድስቱ ከምድጃው ከፍ ብሎ ከተያዘ ድስቱ ቀዝቃዛ ነው፣ እሳቱ ግን ይነዳል። ማቀዝቀዣው ሲፒዩውን በደንብ ካልተጫነው ወይም ቅባቱ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ሙቀቱ አይሻገርም።

ባለፈው ወር አንዲት እናት የልጃቸውን ኮምፒውተር አስይዘው ወደ ክፍላችን መጡ። ልጁ በዚያ ማሽን ማመልከቻና ሲቪ እየጻፈ ነበር ቤቱን የሚደግፈው። አንድ ጠጋኝ ቁጥሩን አይቶ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሏቸው በቁርጥራጭ ዋጋ ሊገዛቸው ቀጠሮ ይዘዋል። «መምህር፣ እስቲ እርስዎ ደግሞ ይዩልኝና ልሽጠው» አሉኝ። «እትዬ፣ ዛሬን አይሽጡት፤ አንድ ጊዜ ልንካው» አልኳቸው። ባዮሱ በሦስት ደቂቃ ውስጥ 94 ደርሷል። ፋኑ ያለ ችግር ይዞራል። ማቀዝቀዣውን ብነካው የጠዋት ድንጋይ ነው። የዚያ ዓይነት የኢንቴል ማቀዝቀዣ አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት፤ እየተጫኑ ቦርዱ ላይ የሚያዙ ናቸው፤ ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይሰበራል። ሁለቱ ተሰብረው ማቀዝቀዣው በአንድ ወገን ተነሥቷል። በክፍላችን ካለ የሞተ ማሽን ተመሳሳይ ማቀዝቀዣ ፈተን ገጠምንለት፤ ቅባቱን ከሞባይል ጠጋኞች አገኘን። ቁጥሩ 52 ላይ ቆመ። ያ ቦርድ ያኔም አልተቃጠለም፣ አሁንም እየሠራ ነው።

ሴንሰሩ ነው የሚባለው እንግዲህ ማቀዝቀዣው በትክክል ከተገጠመ፣ ቅባቱ ከታደሰ በኋላም ሌሊቱን ያደረ ማሽን እንደተነሣ 90 የሚል ከሆነ ነው። ይህ አልፎ አልፎ እንጂ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሴንሰሩ ተነቅሎ የሚቀየር ዕቃም አይደለም፤ ያኔ ሲፒዩውን ከሌላ ተመሳሳይ ማሽን ጋር ቀይሮ ውሸቱ ከቦርዱ ይሁን ከሲፒዩው መለየት ነው።

ስለ ቅባቱ ጥቂት ልበል። አሮጌውን በጨርቅና በቁስል አልኮል ጥረጉት። አዲሱ የስንዴ ፍሬ ያህል መሃል ላይ ይበቃል፤ ማቀዝቀዣው ራሱ ተጭኖ ያሰፋዋል። ሲበዛ አይጠቅምም። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይደርቅና ከበፊቱ ይብሳል። በፔንቲየም 4 እና በኤኤምዲ ማሽኖች ደግሞ ደረቅ ቅባት እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ማቀዝቀዣውን ቀጥ ብላችሁ ብትስቡት ሲፒዩውን ከነእግሩ ነቅሎ ይወጣል። ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ ሞቅ ሲል አጥፉና ሶኬቱን ነቅላችሁ ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ አዙሩት።

ፋኑ ሲዞር «የለም» ከተባለ

«ፋን ኤረር» የሚል ማስጠንቀቂያ እያያችሁ ፋኑ በዓይናችሁ ፊት የሚዞር ከሆነ ሽቦዎቹን ቁጠሩ። ባለ ሦስት ሽቦ ፋን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ነው። ጥቁሩና ቀዩ ኤሌክትሪክ ያመጣሉ፤ ቢጫው ዙሩን የሚናገረው ነው። ባለ አራት ሽቦው ላይ ቀለሙ ይለወጣል፤ ዙሩን የሚናገረው አረንጓዴው፣ ፍጥነቱን የሚያዘው ሰማያዊው ነው። የሚናገረው ሽቦ ከተበጠሰ ወይም ፋኑ ከፓወር ሰፕላይ በሚመጣው ትልቅ ነጭ ሶኬት በሁለት ሽቦ ብቻ ከተገጠመ፣ ፋኑ እየነፋ ቦርዱ ዜሮ ዙር ይቆጥራል። ወይም ደግሞ ትክክለኛው ፋን የተሰካው «ሲፒዩ ፋን» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ሳይሆን ከጎኑ ያለው ላይ ነው። አንዳንድ የብራንድ ማሽኖች፣ ለምሳሌ የተወሰኑት ዴሎች፣ የራሳቸው ቅርጽ ያለው መሰኪያ አላቸው፤ ካልገባ በግድ አታስገቡት።

ፋኑ የማይዞር ከሆነ ወደ ሌላ ማሽን ወስዳችሁ ሰኩት። እዚያ ከዞረ የሞተው የቦርዱ መሰኪያ ነው። እዚያም ካልዞረ ፋኑ ራሱ ነው። ጠዋት ሲነሣ እንደ ወፍጮ እያጓራ በኋላ የሚረጋጋ ፋን ደግሞ ኩሽኔታው ደርቋል። መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ልጣችሁ ከሥሩ የጎማ ክዳን ካለ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉበትና መልሳችሁ ለጥፉት። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይረጋና ጭራሽ ያጣብቀዋል። ይህ ፋኑን አዲስ አያደርገውም፤ ሌላ እስኪገኝ ግን ጥሩ ጊዜ ይሰጣል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ባዮስ ውስጥ የፋኑን ማስጠንቀቂያ «ኢግኖር» ብሎ ዝም ማሰኛ አለ። አንዳንዶች በሱ ጠገንን ይላሉ። ፋኑ እየዞረ የሚናገረው ሽቦ ብቻ ከተበጠሰ ይሁን፤ ፋኑ ሳይዞር ግን እሳት አደጋ ሲነሣ ደወሉን መንቀል ነው። ባዮሱ የሚታዘዘውን ሁሉ በየቀኑ የሚረሳ፣ ቀኑንም የሚያዛባ ከሆነ ሳንቲም የምታክለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች፤ እሷን ቀይሩ።

አቧራና ዳንቴል

የኛ አቧራ ደቃቅ ነው። ቱርካና ላይ ነፋስ ሲነሣ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። አቧራውን በአፍ አትንፉ፤ ምራቅ ይገባል። የብስክሌት ጎማ መንፊያና ለስላሳ የቀለም ቡሩሽ ይበቃል። ከቤት ውጭ፣ አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍናችሁ ሥሩ። ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ በነፋስ ኃይል ከልክ በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

ከሥሩ መሬት ላይ የተቀመጠ ካሲንግ ከምንጣፉ አቧራ ይስባል፤ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ጎኑን ከፍቶ መተው ያቀዘቅዘዋል የሚባለውም ለአንድ ቀን እውነት ሊሆን ይችላል፤ በሳምንቱ ግን ሁለት እጥፍ አቧራ ታገኛላችሁ። እናቶቻችንና እህቶቻችን ደግሞ ዳንቴሉን ሠርተው ማልበሳቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ሲጠፋ ይልበስ፣ ሲበራ ይውለቅ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል በቀትር ከ35 ዲግሪ በላይ መሆኑ ብርቅ አይደለም፤ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሲፒዩውም ወደ 10 ይጨምራል። ፎርም መሙላት ያለባችሁ ልጆች ጠዋት ሙሉ፤ በየአሥር ደቂቃውም ሴቭ አድርጉ።

ፓወር ሰፕላዩን ግን አትክፈቱ። ከውጭ በቀዳዳው አቧራውን ንፉ እንጂ ብሎኑን አትንኩ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለው ሁልጊዜ 230 ላይ ይሁን። ልጆች በጨዋታ ያዞሩታል፤ 115 ላይ ሆኖ ከበራ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይፈነዳል። ፕላስተር ለጥፉበት።

የጎማ መንፊያው፣ ቡሩሹና ካቻቪቴው በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል አሉ። መዋስ የሚፈልግ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ይምጣ። የስፌት መኪና ዘይቱን ግን እያንዳንዳችሁ ከሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ለምኑ፤ የኛ አልቋል።